ሁልጊዜ አረንጓዴ የነበረው ድልድይ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብላችሁ ልትመልሱልኝ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ላሟ ከበረቷ ወጥታ ስብሰባ ሄዳለችና ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ ሳይግባቡ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ፣ ጥቅጥቆ የሚባል ጫካ ነበረ። በጫካው መሃል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ከዋርካው ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። የገበያው እህልና ጨው ግን ከጥቅጥቆ አይገኝም፤ ደፍርስ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ነው የሚመጣው።

ደፍርስን መሻገሪያው ሦስት ነበር። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ የዝግባ ግንድ ነው፤ አህዮች ጭነታቸውን ይዘው የሚያልፉት በእሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ጉማሬ የሚጠብቀው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ የሚታለፍ መሻገሪያ ነው። በሦስተኛው የሚያልፉት ትንንሾቹ እንስሳት ብቻ ናቸው፤ ከወንዙ ወለል ሥር በአለቱ ስንጥቅ ተሹለክልኮ ማዶ የሚያወጣ የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የጀመረው የአባ ጉድባ አባት ነው። የጨረሰው ልጁ አባ ጉድባ ነው። አሥራ ሁለት ክረምት ፈጀበት፤ የፊት ጥርሶቹን እዚያው አለት ላይ ሁለት ጊዜ ጨርሶ ሁለት ጊዜ አብቅሏል።

አባ ጉድባ እንደ ፍልፈል ሁሉ ዓይን የለውም። አለው እንኳ ቢባል ከቆዳው ሥር ተከድኖ የቀረ፣ ለጌጥም የማይሆን ዓይን ነው። በምትኩ ጥርሱን መሬት ላይ ተክሎ ይሰማል። ማን እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደተሸከመ፣ ማን እንዳነከሰ፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንደወጣ ሳይቀር በኮቴው ይለያል። በዚህ ጥበቡ የተነሣ አንድ ጊዜ የጫካው የመንገድ ሹም ሆኖ ነበር። ሹመቱ የቆየው ግን እስከ አንድ ማክሰኞ ነው። በዚያ ማክሰኞ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ «የዝግባውን ግንድ ምስጥ ጀምሮታል፤ ከሆዱ ሲቆረጥም ይሰማኛል» አለ።

እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ላይ ሆና፣ «ምስጡን በዓይንህ አየኸው?» አለችው።

«አላየሁትም፤ ሰማሁት።»

«ጉባኤተኞች ሆይ፣ ጉድ ስሙ! የመንገድ ሹማችን ለካ መንገዱን አይቶት አያውቅም!»

ጉባኤው በሳቅ ተንከባለለ። በማግስቱ ሹመቱ ለእመት ጦጢት ተሰጠ። አባ ጉድባ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ ቂሙን ከእህሉ ጋር ደረቅ ቦታ አስቀመጠው። እህሉን በየዓመቱ ነቀዝ ይነካዋል፤ ቂሙን ግን አልነካውም።

ዓመታት አለፉ። ከንቲባ ጎሽ ወደ አንድ ሩቅ ጫካ ለጉብኝት ሄዶ፣ አንገቱን አቅንቶ ተመለሰ። በማግስቱ እንስሳቱን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

«ወገኖቼ፣ እኛ ተኝተናል!» አለ። «እኔ የጎበኘሁት ጫካ ብልህ ጫካ ነው። ዛፉ ያውቃል! መንገዱ ያውቃል! ድልድዩ ያውቃል!»

«እንስሳውስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዳለቻ ናት፤ ከማዶ ጨው ስታመላልስ ያረጀች፣ ከጭነቷ ይልቅ ምላሷ የሚከብድ አህያ።

«እንስሳው ማወቅ አያስፈልገውም፤ ይመራል!» አለ ከንቲባው።

ዝርዝሩን እመት ጦጢት አስረዳች። በሦስት መንገድ መመላለስ ኋላ ቀርነት ነው፤ ሦስት መንገድ ያለው ጫካ ማን በየት እንደገባ አያውቅም። ስለዚህ ዕቃ ሁሉ በዝግባው ብቻ ይለፍ። በግንዱ ጫፍና ጫፍ እስስቶች ይቀመጡ፤ መንገዱ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲጨናነቅ ቢጫ፣ ሲበላሽ ቀይ ይሁኑ። እስስት ሁለት ዓይኑን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚያዞር ነውና ከእሱ የሚሰወር ነገር የለም። የጉማሬ መሻገሪያ ተዘግቶ መናፈሻ ይሁን፤ ድንጋዮቹም ተለቅመው ለዋርካው አጥር ይዋሉ። በየጓሮው ያለው ጎተራም ይፍረስ።

«ጎተራ ምን አደረገ?» አለች ሽኮኮ ደንግጣ።

«ጎተራ የፍርሃት ልጅ ነው» አለች እመት ጦጢት። «ብልህ ጫካ የዛሬውን ዛሬ ያስመጣል፣ የነገውን ነገ ያስመጣል። እህል አከማችቶ መተኛት የአይጥ ጠባይ ነው።»

አይጦች አንገታቸውን ደፉ። ጉንዳኖች ግን ነገሩ ስላልገባቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደሚሠሩ ጠፍቷቸው ሦስት ቀን ሙሉ ዋርካውን ሲዞሩ ሰነበቱ።

አባ ጉድባ ከመሬት ብቅ ብሎ፣ «አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ሦስት መንገድ የነበረን ሞኞች ስለሆንን አይደለም። አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲያስታምመው ብለው አባቶቻችን ያኖሩት ነው። ደግሞም ግንዱን ምስጥ…»

«እንደገና ምስጥ!» አለች እመት ጦጢት፤ ጉባኤው ሳቀ።

በጥቅጥቆ ሕግ ድምፅ የሚሰጠው በጭራ ነው። የደገፈ ጭራውን ይሰቅላል፣ የተቃወመ ወደ ጎን ያወዛውዛል። ከንቲባው «የተቃወመ!» ሲል አባ ጉድባ ባለ በሌለ ኃይሉ ተወዛወዘ። ፍልፈል ግን ጭራ የለውም። ጸሐፊዋ ቁራ አየችው፣ አንገቷን ቀለስ አደረገች፣ «ድምፅ ያልሰጠ፣ አንድ» ብላ መዘገበች። የእስስት ጭራ ጥምዝ በመሆኑ ድጋፍም ተቃውሞም ይመስላል፤ ሁለት ድጋፍ ተብሎ ተቆጠረ። ብልህነት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሐቁ ሐቅ ነውና፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አማረ። አህዮች በግንዱ ላይ መጋፋት ተዉ፤ ከማዶ የሚመጣውና ከወዲህ የሚሄደው ተራ በተራ ያልፋል። ቅዳሜ ሲደርስ እህሉ ትኩስ ነው፣ ጨው አይጎድልም። ሽኮኮዎች ጎተራ ከመጠበቅ ተገላግለው ዘፈን ጀመሩ። አባ ጉድባ ራሱ ከመሬት ሥር ሆኖ ሥርዓት የያዘውን ኮቴ ሲሰማ፣ «ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆን?» ብሎ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣ።

ከዚያ አንድ ቀን ግንዱ ተጨናነቀና እስስቶቹ ቀይ ሆኑ። በዚያው ቀን ከሩቅ ጫካ ጎብኚዎች መጥተው ነበር። ከንቲባ ጎሽ ደሙ ፈላ።

«በእንግዳ ፊት ትቀሉብኛላችሁ?» ብሎ ጮኸባቸው።

እስስቶቹ ከፍርሃት የተነሣ መጀመሪያ አመድ መሰሉ። የእስስቶቹ አለቃ ግን ብልህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልደረቦቹን ሁሉ ከደረቁ ግንድ አንሥቶ በለመለመ ቅጠል መሃል አስቀመጣቸው። እስስት ደግሞ የተቀመጠበትን ይመስላል። ድልድዩም ከዚያ ወዲያ ቀልቶ አያውቅም። ዝናብ ቢዘንብ አረንጓዴ ነው። ሁለት አህዮች ቢላተሙ አረንጓዴ ነው። እመት ጦጢት በየሳምንቱ ለጉባኤው፣ «መቶ ከመቶ አረንጓዴ!» እያለች ታቀርባለች፤ ጉባኤው ጭራውን ይሰቅላል።

የክረምቱ መግቢያ ላይ ደንብ አስከባሪው ከርከሮ ወደ አባ ጉድባ ደጅ መጣ።

«አባ ጉድባ! አለህ?»

«የት እሄዳለሁ።»

«ይህ ጉድጓድ ካርታው ላይ የለም።»

«ከካርታው በፊት የተቆፈረ ነዋ።»

«እሱን አላውቅም። ካርታው ላይ የሌለ ነገር የለም ማለት ነው። እስከ ዓርብ ይደፈን!»

«ከሌለ ምኑ ይደፈናል?»

ከርከሮ አሰበ። ማሰብ ስላለመደ ጆሮው ቀላ። «አታፊዝብኝ እንግዲህ! ይደፈን ተብሏል፣ ይደፈን!»

አባ ጉድባ ሦስት ቀን ከጉድጓዱ ጋር ተፋጠጠ። የአባቱ ጥፍር ያረፈበትን አለት በእጁ ዳሰሰው። ዓርብ ሲደርስ አፉን ብቻ በስስ አፈር ከለለው፤ በላዩም ከነሣሩ የተገነጠለ መሬት አለበሰው። በአንድ ትከሻ የሚገፋ ድፍን ነው። ይህን ያህል ዋሽቶ አያውቅም ነበርና ሲጨርስ ላብ አጠመቀው።

ከርከሮ አንድ እስስት ይዞ ለምርመራ መጣ። «ውጣና እይ» አለው። እስስቱ ሣሩ ላይ ወጣ፤ አንድ ዓይኑን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ አንዲት ዝንብ አዞረ። ከዚያም አረንጓዴ ሆነ።

«ተደፍኗል» አለ ከርከሮ፤ ሄዱ።

አባ ጉድባ ከሥር ሆኖ ሳቅ ሊገድለው ደረሰ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን ጥርሱ መሬት ነካና ቀጥ አለ። የምስጦቹ ቁርጥምታ ቆሟል። ምስጥ መብላት የሚያቆመው ሲጠግብ አይደለም፤ የሚበላው ሲያልቅ ነው።

በቂም የታሸገውን አፉን ከፍቶ ወደ እመት ጦጢት ዛፍ የሄደው በዚያው ሰዓት ነው። መንገዱን የመራችው ዳለቻ ናት።

«እመት ጦጢት፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ነገ አህዮቹን አያሳልፉ። ግንዱ ውስጡ ቀፎ ሆኗል» አላት።

እመት ጦጢት ቁልቁል ወደ ወንዙ አየች። «አረንጓዴ ነው።»

«ቅጠል ላይ ስለተቀመጡ ነው!»

«ቅጠሉስ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ጤና ስላለ ነዋ!» አለችው፤ በራሷ መልስ ተደስታ ጅራቷን ጠመዘዘች።

ዳለቻ፣ «እመት፣ ነገ በዚያ ግንድ ላይ የምሻገረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም» አለች።

«አንቺ ደግሞ ሸክምሽን ያዥ፤ ፖሊሲ አትሸከሚ።»

ሲመለሱ ዳለቻ፣ «ምን ላድርግ አባ ጉድባ? ካልሄድኩ የጭነት ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለች።

«ዳር ዳሩን ሂጂ፤ ሌላ ምን እልሻለሁ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማታውን ባዶዋን ተሻግራ ያደረችው ዳለቻ ከስድስት አህዮች ጋር ጨውና እህሉን ጭና ከማዶ ተነሣች። እስስቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ናቸው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያሉ መሃል ሲደርሱ ግንዱ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ፤ ከዚያም ከወገቡ ተቀነጠሰ። አህዮቹ ከነጭነታቸው ደፍርስ ውስጥ ገቡ። ጨው በቅጽበት ሟሟ። አህዮቹን ያተረፈው መናፈሻው ውስጥ ለጌጥ ተቀምጦ የነበረው ጉማሬ ነው፤ በጀርባው እየደገፈ ወደመጡበት ወደ ማዶ አወጣቸው። የግንዱ ስባሪ በጎርፉ ላይ እየተገለባበጠ ወረደ። በላዩ፣ ቅጠሉን አቅፎ፣ አንድ እስስት አብሮ ይሄዳል። ከዓይን እስኪሰወር ድረስ አረንጓዴ ነበር።

ጥቅጥቆ ያን ቀን ጦሙን ዋለ። ሁለተኛው ቀን መጣ። በጉማሬው መሻገሪያ እንዳይታለፍ፣ ድንጋዮቹ የዋርካው አጥር ሆነዋል፤ መልሰው እንዳይጥሏቸው ወንዙ ሞልቷል። ከጎተራ እንዳይበላ ጎተራ ፈርሷል። ማዶ እህል እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ዝናብ ይጠብቃል፤ ወዲህ ሕፃናት ሣር ያኝካሉ። ጉባኤው ተሰበሰበ። እመት ጦጢት፣ «ችግሩ የእስስት ማነስ ነው፤ በእጥፍ እንጨምር» አለች። ጭራ ለመስቀል ጉልበት ያለው አልነበረም፤ ቁራ «የተቃወመ የለም» ብላ መዘገበች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የዳለቻ ድምፅ በጉድጓዱ ውስጥ እየተንከባለለ ከማዶ መጣ።

«አባ ጉድባ! አባ ጉድባ ሆይ! እንዳልደፈንከው አውቃለሁ፤ ድምፄ እየደረሰህ ነው!»

አባ ጉድባ ለድምፁ ጀርባውን ሰጠ።

«እህሉ እዚህ ሊበሰብስ ነው! ትንንሾቹን ሰብስብና አሻግር!»

«ዓይን ያላቸው ያሻግሩት» አለ አባ ጉድባ።

«አይ አንተ! ዛሬም ያቺን ማክሰኞ ታኝካታለህ?»

«የታኘክሁትስ እኔ ነኝ! ሹመቴን ነጠቁኝ፣ ጥርሴን የጨረስኩበትን ድፈን አሉኝ! ብከፍተው በሕግ መጣስ የሚቀጡኝ እነሱ ናቸው።»

«ይቀጡሃል» አለች ዳለቻ ሳትሸፋፍን። «እመት ጦጢት እንደሆነች ከዛፍ ዛፍ ዘላ ፍሬ አታጣም። የሚራበው የሽኮኮ ልጅ ነው። እሱ በዚያ ማክሰኞ አልተወለደም ነበር።»

አባ ጉድባ ጥርሱን መሬት ላይ ተከለ። በሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት የሽኮኮ ልጆች በራሱ ላይ ይዘላሉ፤ ጩኸታቸው ሲያስመርረው በእንጨት የሚያንኳኳባቸው ጊዜ ነበር። አሁን አይዘሉም። አንድ ትንሽ ኮቴ ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፤ ከዚያም ተቀመጠ። አልተነሣም። አባ ጉድባ ጠበቀ። አሁንም አልተነሣም።

«እናንተን ብሎ ብልህ!» አለና በትከሻው ሣሩን ገፋው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥቅጥቆ አይቶት አያውቅም። አይጦች፣ ጉንዳኖች፣ ሽኮኮዎችና ፍልፈሎች በጨለማው ተደርድረው እህሉን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበሉ፤ ጨውን አንከባለሉ። ጉንዳኖች በመጨረሻ የሚሠሩት ሥራ አግኝተው በደስታ አለቀሱ። ከንቲባ ጎሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ተራውን ጠበቀ። አንዲት አይጥ እፍኝ የማይሞላ ማሽላ አቀረበችለት።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለ።

«ክቡር ከንቲባ፣ አፍዎ ሰፍቶ ነው እንጂ ማሽላው አላነሰም» አለች አይጥ።

ለሁለት ሳምንት ጥቅጥቆ በዚያች ጉድጓድ ኖረ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ወንዙ ሲጎድል አዲስ ግንድ ተጋደመ፣ ዳለቻም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ጉባኤ ተጠራ። አባ ጉድባ ፀጉሩን ምራቅ ቀብቶ፣ አፈሩን አራግፎ ከፊት ተቀመጠ። ባይናገርም ያቺ ማክሰኞ ዛሬ ትካስልኛለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር።

እመት ጦጢት ተነሣች። «ብልህ ጫካችን ፈተናውን አለፈ!» አለች። «አንዱ መንገድ ሲቋረጥ ሌላውን ያለ መዘግየት ከፍተናል። ስለዚህም ይህ ጉድጓድ ከዛሬ ጀምሮ በካርታው ላይ ብልህ ጉድጓድ ቁጥር አንድ ተብሎ ይግባ።» የእስስቶቹ አለቃ የላባ ኒሻን ተሸለመ። በጎርፍ ለተወሰደው እስስትም የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ተደረገ። ጭራ ሁሉ ተሰቀለ። አባ ጉድባ የተጠራው በመጨረሻ ነው፤ ያለ ፈቃድ ጉድጓድ ይዞ በመገኘቱ ምሕረት ተደርጎለታል ተባለ።

በማግስቱ እንደ ልማዱ ወደ ጉድጓዱ ሲሄድ ከርከሮ አፉ ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ፣ ከጨለማው ጫፍ ላይ፣ አንድ እስስት ተቀምጧል።

«ቁም!» አለው ከርከሮ። «ምልክቱን ሳያዩ መግባት ክልክል ነው። ቀለሙ ምንድነው?»

«ዓይን እንደሌለኝ ታውቃለህ።»

«ስለዚህ አትገባም። ለአንተው ደኅንነት ነው።»

«ወንድሜ ከርከሮ፣ ይህችን ጉድጓድ ስቆፍራት ያላስፈለገኝ ዓይን፣ ልገባባት ስል ከየት ይምጣልኝ?»

ከርከሮ ማሰብ ጀመረ፤ ጆሮው ቀላ፤ ተወው። «ደንብ ነው» አለ።

አባ ጉድባ ዞረ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ሄደና ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ቆመ። መሬቱን አሸተተው፣ ጥርሱን ተከለና አዳመጠ። ከዚያም መቆፈር ጀመረ። ዳለቻ ጭነቷን ይዛ ስታልፍ ዳናውን ተከትላ መጣች።

«አባ ጉድባ፣ በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሌላ ጉድጓድ።»

«ሲያዩህስ?»

አባ ጉድባ ከአፉ አፈር ተፋ።

«እስኪያዩት ድረስ እጨርሰዋለሁ» አለ። «ካዩት በኋላ ደግሞ እነሱ የቆፈሩት ይሆናል።»